አልከፈት ያለው የደብዳቤ ሣጥን

የኢሜይል ፕሮግራም እንቢ ሲል በየተራው ምን ይደረጋል?

አንባቢ ሆይ፤ በኅዳር ወር፣ የደብረ ብርሃን ብርድ ጣት በሚያደነዝዝበት ማለዳ፣ ከቢሮ ገብተው ኮምፒዩተርዎን ከፈቱ እንበል። ከጎረቤላ የተላከው የአንኮበር ወረዳ ሪፖርት ትናንት ማታ በኢሜይል ደርሷል። እርስዎም ይህንኑ ከሌሎቹ ወረዳዎች ሪፖርት ጋር አጠቃለው እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ ለአለቃዎ ማቅረብ አለብዎት። የአውትሉክን ምልክት በማውስ ሁለት ጊዜ መታ መታ ያደርጋሉ። የፕሮግራሙ ስም በመስኮቱ ላይ ብቅ ይላል፤ ጥቂት ይቆያል፤ ከዚያም እንደ ጤዛ ይጠፋል። ቢደግሙት ያው ነው፤ ቢሠልሱትም ያው ነው።

ወይም ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነዎት እንበል። መምህርዎ አርመው የላኩልዎት የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ለውጭ አገር ትምህርት ያመለከቱበት ደብዳቤና የመጣልዎት መልስ ሁሉ በዚሁ ፕሮግራም ውስጥ ነው። ፕሮግራሙ ግን አልከፈትም ብሏል።

በዚህ ሰዓት መካሪ አይጠፋም። አንዱ ባልደረባ «አጥፋውና እንደገና ጫነው» ይላል። ሌላው ደግሞ «ፎርማት ይደረግና ይገላገሉት» ይላል። ሁለቱም የሚናገሩት በቅን ልብ መሆኑ አይጠረጠርም። ይሁን እንጂ በግማሽ ሰዓት ይቃና የነበረውን ነገር የብዙ ዓመት ደብዳቤ ወደሚያጠፋ ጥፋት የሚለውጠው ብዙ ጊዜ ይኸው ችኮላ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ከኮምፒዩተር ላይ የፈሰሰ ግን ሁልጊዜ አይለቀምም። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ጀምረን በየተራው እንመልከተው።

ከአንኮበር መልእክተኛ እስከ ኢሜይል

የደብዳቤ ነገር ለሰሜን ሸዋ አዲስ አይደለም። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አንኮበር ላይ ሆነው ከውጭ መንግሥታት ጋር ይጻጻፉ ነበር። ከቦምቤ የተላከው እንግሊዛዊው ካፒቴን ዊልያም ሃሪስ አንኮበር የደረሰው በ1833 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከንጉሡ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል የተፈራረመው በኅዳር 1834 ዓ.ም. ነው። በዚያ ጊዜ ከአንኮበር የሚነሣ ደብዳቤ ገደሉን ወርዶ፣ በአልዩ አምባ ገበያ በኩል አልፎ፣ የአፋርን በረሃ ከነጋዴ ጋር አቋርጦ ታጁራ ወደብ ይደርስ ነበር። መልሱ እስኪመጣ ድረስ ወራት ያልፋሉ። በአገር ውስጥም መልእክተኛው ደብዳቤውን በተሰነጠቀ በትር ጫፍ ላይ ሰክቶ፣ በትሩን ከፍ አድርጎ ይዞ አገር ለአገር ይጓዝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የፖስታ አገልግሎት እንዲቋቋም አዘዙ፤ ኢትዮጵያም በ1901 ዓ.ም. የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። ወደ ውጭ አገር የሚላከው ደብዳቤ ሕጋዊ መንገድ ያገኘው በዚህ ዓይነት ነው።

ኢሜይልን ያስገኘው ሬይ ቶምሊንሰን የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ጎን ለጎን ከቆሙ ሁለት ኮምፒዩተሮች ከአንዱ ወደ ሌላው መልእክት ላከ። ዛሬ በኢሜይል አድራሻችን መካከል የምንጽፈውን ያንን ክብ ምልክት የመረጠውም እርሱ ነው። በአገራችን ኢንተርኔት ለሕዝብ የተከፈተው በጥር 1989 ዓ.ም. በያኔው የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን አማካይነት ነበር።

እንግዲህ ልዩነቱን ልብ ይበሉ። በጥንቱ ዘመን ደብዳቤ ከጠፋ የሚጠፋው በመንገድ ላይ ነው፤ ወንዝ ይሞላል፣ ሽፍታ ይነሣል፣ በቅሎዋ ትሞታለች። ዛሬ ግን ደብዳቤው በሰላም ደርሶ፣ ከገዛ ጠረጴዛችን ላይ ተቀምጦ ሳለ ማንበብ የሚያቅተን ጊዜ አለ። ደብዳቤው አልጠፋም፤ በሩ ነው እንቢ ያለው።

ሠራተኛው፣ ማስታወሻውና ማኅደሩ

በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠራ ሰው ሁሉ መዝገብ ቤትን ያውቃል። በመዝገብ ቤት ውስጥ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛው ደብዳቤ የሚቀበለውና የሚያወጣው ሠራተኛ ነው። ሁለተኛው ሠራተኛው የማን ደብዳቤ የት እንደሚቀመጥ የጻፈበት ማስታወሻ ነው። ሦስተኛው ደብዳቤዎቹ የታሰሩበት ማኅደር ነው።

በኮምፒዩተርዎ ላይ ያለው የኢሜይል ፕሮግራምም እንደዚሁ ነው። ሠራተኛው አውትሉክ ወይም ተንደርበርድ የሚባለው ፕሮግራም ነው። ማስታወሻው «ፕሮፋይል» ይባላል፤ አድራሻዎን፣ የሰርቨሩን ስምና የማኅደሩን ቦታ ይዟል። ማኅደሩ ደግሞ ደብዳቤዎቹ ያሉበት ፋይል ነው። በአውትሉክ ዘንድ ይህ ፋይል በሁለት ዓይነት ይገኛል። «ፒ.ኤስ.ቲ.» የሚባለው ብዙውን ጊዜ የደብዳቤው ብቸኛ ቅጂ ነው። «ኦ.ኤስ.ቲ.» የሚባለው ግን በሰርቨር ላይ ያለው ደብዳቤ ግልባጭ ነው፤ ዋናው ሌላ ቦታ አለ።

ይህን መለየት ለምን ያስፈልጋል? ሠራተኛው ቢታመም በሌላ ይተካል። ማስታወሻው ቢቀደድ ሌላ ይጻፋል። ማኅደሩ ከተቃጠለ ግን የሚተካው የለም። «አጥፋውና እንደገና ጫነው» የሚለው ምክር ሠራተኛውን መለወጥ ነው፤ ጥፋቱ ከማስታወሻው ወይም ከማኅደሩ ላይ ከሆነ አዲሱም ሠራተኛ ያንኑ እንቢታ ይደግመዋል። «ፎርማት ይደረግ» የሚለው ደግሞ ሠራተኛው ታመመ ብሎ መዝገብ ቤቱን ከነማኅደሩ ማቃጠል ነው።

በሩ ነው ወይስ መንገዱ?

ከሁሉ አስቀድሞ ፕሮግራሙ ጨርሶ አልከፈት ያለ ወይም ተከፍቶ ደብዳቤ ማምጣት ያቃተው እንደ ሆነ ይለዩ። የቆዩት ደብዳቤዎች እየታዩ አዲስ ካልመጣ በሩ ደኅና ነው፤ የተዘጋው መንገዱ ነው። ያን ጊዜ የሚመረመሩት ኢንተርኔቱ፣ የይለፍ ቃሉና የኮምፒዩተሩ ሰዓት ናቸው።

ስለ ሰዓቱ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ ለእኛ አገር ሰው ልዩ ወጥመድ አለበትና። በኮምፒዩተር ውስጥ ሰዓትና ቀን የሚያስታውስ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነ ትንሽ ባትሪ አለ። ይህ ባትሪ ሲያረጅ ኮምፒዩተሩ በጠፋ ቁጥር ቀኑን ይረሳል። ባለቤቱም ቀኑን ሊያስተካክል ብሎ የኢትዮጵያን ዓመተ ምሕረት ያስገባል። ኮምፒዩተሩ ግን የሚቆጥረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለ ሆነ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ተመለሰ ማለት ነው። የኢሜይል ሰርቨር ደግሞ ማንነቱን የሚያረጋግጥበት የኤሌክትሮኒክ ምስክር ወረቀት አለው፤ ምስክር ወረቀቱም የሚጸናበት የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀን ተጽፎበታል። ከስምንት ዓመት በፊት ያለ የመሰለው ኮምፒዩተር ይህን ወረቀት ሲያይ «ዘመኑ ገና ነው» ብሎ አልቀበልም ይላል። ቀኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሲስተካከል፣ ሰዓቱም የአዲስ አበባ የሰዓት ክልል መሆኑ ሲረጋገጥ ችግሩ ይወገዳል። ባትሪው ካልተለወጠ ግን ነገ ተመልሶ ይመጣል።

በየተራው የሚሠራ ሥራ

አሁን ወደ እውነተኛው የተዘጋ በር እንመለስ። ከዚህ በታች ያለው ለተለመደው፣ በዊንዶውስ ላይ ለሚሠራው አሮጌው አውትሉክ ነው። ቅደም ተከተሉ የተሠራው ምንም ከማያጠፋው ጀምሮ ጥንቃቄ ወደሚጠይቀው ነው፤ ስለዚህ አይዝለሉ። ማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ከወጣ ሳይዘጉት ቃል በቃል ይጻፉት፤ ወይም በስልክዎ ፎቶ ያንሡት። ኋላ ለሚረዳዎት ሰው ከሁሉ የሚጠቅመው እርሱ ነው።

አንደኛ፤ ሠራተኛው ከውስጥ ተኝቶ እንደ ሆነ ይመልከቱ። ፕሮግራሙ ከዓይን ተሰውሮ በሥውር ሲሠራ፣ ወይም የይለፍ ቃል የምትጠይቅ ትንሽ መስኮት ከሌላ መስኮት ጀርባ ተደብቃ ስትጠብቅ ይገኛል። አልት እና ታብ የሚባሉትን ቁልፎች አብረው ተጭነው የተደበቀ መስኮት ይፈልጉ። መብራት በድንገት ጠፍቶ ከነበረም ፕሮግራሙ ማኅደሩን እየመረመረ ሊሆን ይችላልና ጥቂት ደቂቃ ይታገሡት። ከዚያ በኋላ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚባሉትን ሦስት ቁልፎች በአንድነት ቢጫኑ «ታስክ ማኔጀር» ይወጣል። አውትሉክ በዝርዝሩ ውስጥ ካለ መርጠው «ኢንድ ታስክ» ይበሉት፤ እንደገናም ይክፈቱት። ይህ ካልረዳ ኮምፒዩተሩን «ሪስታርት» ያድርጉት። በአዲሶቹ ዊንዶውሶች «ሻት ዳውን» ማለት ሁሉን ነገር ላይዘጋ ስለሚችል «ሪስታርት» ይሻላል።

ሁለተኛ፤ ቦታ መኖሩን ይመልከቱ። «ሲ» የሚባለው ዲስክ ጢም ብሎ ሞልቶ እንደ ሆነ ፕሮግራሙ ለመሥራት የሚያስፈልገውን ጊዜያዊ ፋይል የሚያኖርበት ያጣል። ፊልምና ዘፈን ወደ ሌላ ዲስክ ይዛወር፤ ደብዳቤ አይነካ።

ሦስተኛ፤ ጓደኞቹን ለይተው ብቻውን ያስገቡት። ከአውትሉክ ጋር የሚጣበቁ፣ ሌሎች ኩባንያዎች የሠሯቸው ትናንሽ ረዳት ፕሮግራሞች አሉ፤ «አድ ኢን» ይባላሉ። የአንቲቫይረስ ወይም የስብሰባ ፕሮግራም ሲጫን ሳይነግረን ያስገባቸዋል። ከእነዚህ አንዱ ሲበላሽ ዋናውን ይዞት ይወድቃል። ኮንትሮል የሚባለውን ቁልፍ ተጭነው ይዘው የአውትሉክን ምልክት ቢከፍቱ «ሴፍ ሞድ» ይከፈት ወይ ብሎ ይጠይቅዎታል፤ አዎን ይበሉ። በዚህ ዓይነት የሚከፈተው ያለ ረዳቶቹ ነው። ከተከፈተ ጥፋተኛው ከረዳቶቹ አንዱ መሆኑ ታወቀ። «ፋይል»፣ ቀጥሎ «ኦፕሽንስ»፣ ቀጥሎ «አድ ኢንስ» ወደሚለው ገብተው የሁሉንም ምልክት ያንሡ፤ ከዚያም አንድ በአንድ እየመለሱ፣ በየጊዜው ዘግተው እየከፈቱ ይፈትኑ። እንቢ ያለው እርስዎ የመጨረሻውን በመለሱ ጊዜ ከሆነ ሌባው እርሱ ነው።

አራተኛ፤ አዲስ ማስታወሻ ይጻፉ። በ«ኮንትሮል ፓነል» ውስጥ «ሜይል» የሚል ምልክት አለ። እርሱን ከፍተው «ሾው ፕሮፋይልስ» ሲሉ ያለው ፕሮፋይል ይታያል። «አድ» ብለው በሌላ ስም አዲስ ያውጡና አድራሻዎን ያስገቡበት፤ አውትሉክም ሁልጊዜ በዚህ በአዲሱ እንዲከፈት ይዘዙት። አሮጌውን ፕሮፋይል ግን አያጥፉት፤ ይቆይ። ደብዳቤዎ በሰርቨር ላይ የሚኖር ከሆነ በአዲሱ ፕሮፋይል ቀስ እያለ ተመልሶ ይወርዳል። በፒ.ኤስ.ቲ. ፋይል ውስጥ ብቻ የሚኖር ከሆነ ግን በራሱ አይመጣም፤ አውትሉክ ከተከፈተ በኋላ ፋይሉን ራስዎ ማሳየት አለብዎት። ብዙ ሰው በዚህ ላይ ባዶ ሣጥን አይቶ ይደነግጣል፤ ደብዳቤው ግን በቦታው ነው።

አምስተኛ፤ ማኅደሩን ይጠግኑ። መብራት በድንገት ሲጠፋ ፕሮግራሙ በመጻፍ ላይ ሳለ ብዕሩ ከእጁ ይነጠቃል፤ ፋይሉም በዚህ ሊጎዳ ይችላል። መጠኑም ሲበዛ ያስቸግራል። የጥንቱ ዓይነት ፒ.ኤስ.ቲ. ከ2 ጊጋባይት በላይ አይችልም ነበር፤ ከ2010 እትም ወዲህ ያሉት አውትሉኮች እስከ 50 ጊጋባይት ይፈቅዳሉ። ማይክሮሶፍት ከኦፊስ ጋር «ስካን ፒ.ኤስ.ቲ.» የሚባል መጠገኛ ይሰጣል፤ በኦፊስ ፎልደር ውስጥ ይገኛል። አስቀድሞ ግን፣ ይህ ትእዛዝ እንጂ ምክር አይደለም፣ አውትሉክ ተዘግቶ ሳለ ፋይሉን በሌላ ዲስክ ላይ ይቅዱት። ከዚያ መጠገኛውን ከፍተው ፋይሉን ያሳዩት፤ ስሕተት አገኘሁ ካለ ይጠግነው። አንዳንዴ ደጋግሞ ማሠራት ያስፈልጋል። ከተጠገነም በኋላ ቦታቸውን ያጡ ደብዳቤዎች «ሎስት ኤንድ ፋውንድ» በሚባል ፎልደር ውስጥ ተሰብስበው ሊገኙ ይችላሉ።

ስድስተኛ፤ ሠራተኛውን ያሳክሙ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልሆነ ፕሮግራሙ ራሱ ተጎድቷል። በ«ኮንትሮል ፓነል» ከፕሮግራሞች ዝርዝር ኦፊስን መርጠው «ቼንጅ» ሲሉ ሁለት ዓይነት ጥገና ይቀርብልዎታል። ፈጣኑ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ሌላው ግን ፕሮግራሙን ከኢንተርኔት እንደገና የሚያወርድ ስለ ሆነ ጥሩ መስመር ባለበት ሰዓት ይጀምሩት።

ተንደርበርድን ለሚጠቀሙ

በነፃ የሚገኘውን ተንደርበርድን የሚጠቀም ሰው የሚገጥመው የተለመደ እንቢታ «ፕሮግራሙ አስቀድሞ ተከፍቷል፤ ነገር ግን መልስ አይሰጥም» የሚል ነው። ተንደርበርድ ሲከፈት በፕሮፋይሉ ፎልደር ውስጥ እንደ ቁልፍ የሚያገለግል ትንሽ ፋይል ያኖራል፤ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ አንድ ማኅደር እንዳይነካ ነው። ይህ ማስጠንቀቂያ ሲመጣ እንደ በፊቱ በታስክ ማኔጀር መዝጋት፣ ካልሆነም ኮምፒዩተሩን ሪስታርት ማድረግ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ሺፍት የሚባለውን ቁልፍ ይዞ መክፈት ደግሞ ያለ ረዳቶቹ ለመክፈት ያስችላል። የተንደርበርድ ደብዳቤ ሁሉ በፕሮፋይሉ ፎልደር ውስጥ ስለ ሆነ ያንን አንድ ፎልደር መቅዳት መዝገብ ቤቱን በሙሉ መቅዳት ነው።

ጥፋቱ የእርስዎ ያልሆነበት ቀን

አንዳንድ ቀን ደግሞ ጥፋቱ በኮምፒዩተርዎ ላይ አይደለም። ሐምሌ 8 ቀን 2012 ዓ.ም. በዓለም ዙሪያ ብዙ ሰዎች አውትሉክን ሲከፍቱ ወዲያው ይዘጋባቸው ጀመር። ምክንያቱ ከማይክሮሶፍት የመጣ ለውጥ ነበር፤ ኩባንያውም በዚያው ቀን ማረሚያ አወጣ። በዚያን ዕለት ፕሮግራሙን ነቅሎ እንደገና የጫነ ሰው ለከንቱ ደከመ፤ በስልኩ ወይም በኢንተርኔት ማሰሻ በኩል ደብዳቤውን የከፈተ ሰው ግን ሥራውን ቀጠለ። ስለዚህ የጎረቤት ቢሮም ያው ችግር በአንድ ቀን ከገጠመው ጥቂት ይጠብቁ፤ እስከዚያም ደብዳቤውን በሌላ በር ይክፈቱ።

ማኅደርዎን ይወቁ

«እንግዲያስ በኢንተርኔት ማሰሻ ብቻ መጠቀም አይሻልም ወይ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱንም በክልላችን አይተነዋል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ደብዳቤው ሁሉ በሩቅ ሰርቨር ላይ ብቻ ያለበት ሰው፣ የተጻፈለትን የሥራ ማረጋገጫ ወይም የትምህርት መልስ ማየት አይችልም። ማኅደሩን በገዛ ኮምፒዩተሩ ላይ የያዘ ሰው ግን አዲስ ባይመጣለት አሮጌውን ያነብባል፤ ያትማል፤ ለሚጠይቀው ያሳያል። በሌላ በኩል ኮምፒዩተሩ ሲሰረቅ ወይም ዲስኩ ሲበላሽ የሚያድነው በሰርቨር ላይ ያለው ነው። ስለዚህ ሁለቱም ይኑርዎት።

ሳይደርቅ በእርጥቡ እንዲሉ፣ ፕሮግራሙ ደኅና ሳለ ዛሬውኑ የሚደረግ ነገር አለ። በ«ኮንትሮል ፓነል» «ሜይል» ውስጥ «ዳታ ፋይልስ» የሚለውን ከፍተው የማኅደርዎን ስምና ቦታ ይመልከቱ፤ ፒ.ኤስ.ቲ. ብዙ ጊዜ «አውትሉክ ፋይልስ» በሚባል ፎልደር ውስጥ ነው። ስሙንና ቦታውን በማስታወሻ ደብተር ይጻፉ። ከዚያም በየሳምንቱ ዓርብ፣ አውትሉክን ዘግተው፣ ፋይሉን በውጭ ዲስክ ላይ ይቅዱ፤ ዲስኩም ከኮምፒዩተሩ ጋር በአንድ መሳቢያ አይቀመጥ። መሥሪያ ቤትዎ መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ደቂቃ የሚያቆይ ዩ.ፒ.ኤስ. ካለው፣ እነዚያ ደቂቃዎች ፕሮግራሙን በደንብ ለመዝጋት እንጂ ሥራ ለመጨረስ አይደሉም። ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ሲዛወሩም የመሥሪያ ቤቱን ማኅደር ለተተኪዎ በፊርማ ያስረክቡ፤ የወረቀቱን ማኅደር እንደሚያስረክቡት ሁሉ።

ይህ ሁሉ ሳይሆን ቀርቶ ባለሙያ መጥራት ግድ የሆነ እንደ ሆነ፣ ሦስት ነገር ይንገሩት፤ ችግሩ መቼ እንደ ጀመረ፣ ከዚያ በፊት ምን እንደ ተለወጠና በመስኮቱ ላይ የወጣው ጽሑፍ ምን እንደሚል። አንድ ነገር ደግሞ ይጠይቁት፤ «ማኅደሩ የት ነው? ቅጂውስ ተወስዷል?» ይህ ጥያቄ ሳይመለስ ማንም ሰው፣ የቅርብ ወዳጅዎም ቢሆን፣ ኮምፒዩተርዎን ፎርማት አያድርግ።